«ሰው ምን ይለናል?»፦ ፍርሃት እርስ በርስ ጠባቂ ሲያደርገን



ከመግሪብ በኋላ ደርሱ ያልቃል፤ ኡስታዙ «ጥያቄ ያለው?» ይላሉ። ዝም እንላለን። ዞር ዞር ብለው አይተውን ዱዓ አድርገው ይዘጋሉ። ውጭ ወጥተን ጫማችንን ስናጠልቅ ግን ጥያቄው ይጎርፋል። «የመጨረሻዋ ነገር ገብታሃለች?» «ኧረ እኔም አልገባኝም!» ታዲያ ውስጥ ሳለን አፋችንን ማን ያዘው?

ማንም። የያዘን «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ሐሳብ ነው። አማርኛ ለዚህ ይሉኝታ የሚል ቃል አለው። ይህች ትንሽ የምትመስል ፍርሃት የሰውን ነፃነት እንዴት እንደምትወስድ፣ አድጋም እንዴት እርስ በርስ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት እንደምትሆን፣ ዲናችንም ስለዚህ ምን እንደሚያስተምረን እንይ።

ዓይን አይቶ አፍ ሲክድ

እ.ኤ.አ. በ1951 ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። ተማሪዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንድ መስመር የተሰመረበት ካርድ ይታያቸዋል፤ ቀጥሎ ሦስት መስመሮች ያሉበት። ከሦስቱ የትኛው ከመጀመሪያው እኩል እንደሆነ በየተራ ጮክ ብለው ይናገራሉ። መልሱ ግልጽ ነው፤ ለብቻቸው ሲጠየቁ ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሳሳቱም። ግን ከተቀመጡት ውስጥ እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ከ18ቱ ዙሮች በ12ቱ ሁሉም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል።

ውጤቱ ምን ሆነ? በእነዚያ ዙሮች ከተሰጡት መልሶች ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሆኑት ስህተቱን ተከተሉ። ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከሌሎቹ ጋር ሄዱ። ቅጣት የለም፤ የሚቀነስ ማርክ የለም፤ የሚያስፈራ አለቃ የለም። የነበረው የሌላ ሰው ዓይን ብቻ ነው።

አሽ ሙከራውን ሁለት ቦታ ላይ ለወጥ አደረገው። በአንዱ፣ ከተቀመጡት መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር አደረገ፤ ስህተቱን መከተል ወደ አንድ አራተኛው ወረደ። በሌላው፣ ተፈታኙ መልሱን ለብቻው በወረቀት እንዲጽፍ ፈቀደ፤ አሁንም በብዙ ቀነሰ። እንግዲያውስ ብዙዎቹ ዓይናቸው አልተታለለም፤ የፈራው አፋቸው ነው።

አዛዥ የሌለው ቁጥጥር

በመስጂድ ማይኩ ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚሰማውን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አስታውሱ። ማንም አልጮኸም። ስፒከሩ ያወጣትን ትንሽ ድምፅ ማይኩ ይቀበላታል፤ አምፕሊፋየሩ ያጎላታል፤ ስፒከሩ መልሶ ያወጣታል። ዙሩ ሲደጋገም ሹክሹክታው ጩኸት ይሆናል። እኛ ምህንድስና የምንማረው ይህን ፊድባክ እንለዋለን።

በደርሱ ላይም የሆነው ይኸው ነው። የጎረቤታችንን ዝምታ አይተን «እሱ ገብቶታል» እንላለን፤ እሱም የእኛን ዝምታ አይቶ እንዲሁ ይላል። እያንዳንዳችን የፈራነው ሰው እኛን እየፈራ ነው። እያንዳንዳችን እስረኛም ጠባቂም ነን።

መንግሥታት ይህን ያውቁታል። የምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት ሽታዚ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 91 ሺህ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት፤ በተጨማሪም ከ170 ሺህ በላይ ተራ ሰዎች በድብቅ ወሬ ያቀብሉት ነበር። በሁሉም ሰው ላይ ሰላይ ማቆም አያስፈልገውም ነበር። «ምናልባት ይሄኛው ይሆናል» የሚል ጥርጣሬ ሰውን ሁሉ ምላሱን እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ከ1992 ጀምሮ ሕዝቡ ፋይሉን እንዲያነብ ሲፈቀድለት፣ ስለ እነሱ ሲጽፍ የኖረው ጓደኛቸው፣ አንዳንዴም የትዳር አጋራቸው እንደነበረ ያወቁ ነበሩ። በእኛም አገር በደርግ ዘመን ያለፉ ወላጆቻችን «ግድግዳ ጆሮ አለው» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ያንን ዘመን ስለሚያስታውሱ ነው።

ዲናችን የት ላይ ይቆማል?

«ታዲያ ይሉኝታ ባይኖር ሰው ስድ አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ «ይሉኝታ ቢስ» ስድብ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑን አስተምረውናል። ነገር ግን ሐያእና ሰውን መፍራት አንድ አይደሉም። መለያው ቀላል ነው፦ የዶርሙ በር ተዘግቶ ብቻችንን ስንሆን አብሮን ይቀራል? ሐያእ ከአላህ ጋር ስለሆነ ይቀራል። የሰው ፍርሃት ግን ሰዎቹ ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል።

ቀደምቱ ዓሊም ፉደይል ኢብኑ ዒያድ ለሰው ብሎ መሥራት ብቻ ሳይሆን፣ መልካም ሥራን ለሰው ብሎ መተውም የልብ በሽታ እንደሆነ አስተምረዋል። ቁርኣንም በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 54 አላህ የሚወዳቸውን ሰዎች ሲገልጽ የወቃሽን ወቀሳ የማይፈሩ መሆናቸውን ያነሳል።

በሌላው በኩል ጠባቂ መሆንም ተከልክሏል። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 መጥፎ ጥርጣሬን፣ የሰውን ነውር መሰለልንና ሐሜትን በአንድ ላይ ይከለክላል። ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰዎችን ድብቅ ነውር መከታተል ሰዎቹን እንደሚያበላሻቸው አስጠንቅቀዋል። ልብ እንበል፤ ያበላሻቸዋል እንጂ ያስተካክላቸዋል አልተባለም።

ከራሳችን እንጀምር

አንድ የመጀመሪያ ዓመት ወንድማችን ሐለቃችን ላይ ፋቲሓን ሲቀራ ፊደል ተሳሳተ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሌሎቻችን አልሳቅንም፤ ግን ምንም አላልንም። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። «ኢማኑ ደከመ» ተባባልን። ከወራት በኋላ የዶርም ጓደኛው እንደነገረን፣ ሌሊት በስልኩ ቂርኣት እየከፈተ ብቻውን ፊደል ሲያስተካክል ቆይቷል። እሱ የሸሸው ከዲን ሳይሆን ከእኛ ዓይን ነበር። ያን ቀን አንዳችን «እኔም ስጀምር እንዲሁ ነበርኩ» ብንል በቂ ነበር። በአሽ ሙከራ ነገሩን የለወጠው አንድ ድምፅ ብቻ እንደነበር አንርሳ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንስማማ። አንደኛ፣ በደርስ ላይ በቃል ለመጠየቅ ለሚከብደው ጥያቄውን ስም ሳይጽፍ በወረቀት እንዲያቀርብ እናድርግ። ሁለተኛ፣ ነሲሓን ከክትትል እንለይ፤ ነሲሓ ለባለቤቱ፣ ለብቻው፣ በፍቅር ይነገራል፤ ስለ አንዲት እህት አለባበስ በቴሌግራም ግሩፕ መነጋገር ግን ነሲሓ አይደለም። ሦስተኛ፣ ኡስታዙ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ያልገባን ካለ ሌላውን ሳንጠብቅ እጃችንን እናንሳ። ከጎናችን ያለው የሚጠብቀው እኛን ሊሆን ይችላል።

ያ ወንድማችንም በሩ ክፍት መሆኑን ይወቅ፤ ይቅርታውን እኛው ሄደን እንጠይቀዋለን፣ ኢንሻአላህ። አላህ ከሰው ፍርሃት ነፃ ያውጣን፤ ለወንድምና ለእህታችንም መሸሸጊያ እንጂ ጠባቂ አያድርገን። አሚን።