ለሠርጉ የተገዛው ወይን ጠጅ የት ይቀመጥ?

ሠርግ ሲደገስ አስቀድሞ የሚታሰበው ማሩ፣ ጌሾው፣ በርበሬውና ቅቤው ነው። ወይን ጠጅ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ስለሚገዛ፣ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ እምብዛም አይነሣም። ጎረቤቴ የሆኑትን እናት ግን ይኸው ጥያቄ በ2016 ዓ.ም. ሳያስቡት ገጠማቸው።

ወይዘሮዋ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። የልጃቸው ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ስለነበረ፣ በታኅሣሥ እቁብ ሲወጣላቸው ዋጋው ሳይንር ብለው ሁለት ካርቶን፣ ማለትም 24 ጠርሙስ ወይን ጠጅ ገዙ። ወሩ ሳያልቅ የሙሽራይቱ አጎት ዐረፉ። አርባቸው ሳይወጣ ሠርግ አይታሰብም፤ አርባው ሲወጣ ደግሞ ዐቢይ ጾም ደጅ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ጾሙ መጋቢት 2 ቀን ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ስለዋለ፣ ሠርጉ ወደ ግንቦት ተዛወረ። ለሦስት ሳምንት ይቆያል የተባለው ወይን ጠጅ አምስት ወር ሊቆይ ሆነ ማለት ነው።

በየካቲት አንድ እሑድ ቡና ተጠርቼ ስሄድ የቤቱ ሰው ሁሉ በዚሁ ነገር ይከራከራል። ካርቶኖቹ ያሉት ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር ነው። ባልየው፣ «ልጆች የማይደርሱበት ቦታ እሱ ብቻ ነው፤ ምን ጎደለው?» ይላሉ። ወንድ ልጃቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ ባይ ነው። ሰማንያ ዓመት የዘለሉት የባልየው እናት ደግሞ፣ «መጠጥ ከመሬት ይጠጋል እንጂ ሰማይ ላይ ይሰቀላል?» ብለው ጓዳውን ያመለክታሉ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ፍረጂን» አሉኝ ጎረቤቴ።

«እትዬ፣ እኔማ ራሴ አበላሽቼ የተማርኩ ነኝ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሰጠኝን ሁለት ጠርሙስ ከማቀዝቀዣው ራስ ላይ አስቀምጬ፣ ለእንግዳ ስከፍተው አንደኛው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሲሸት፣ ሁለተኛው የተቀቀለ ፍሬ የሚመስል ጣዕም ይዞ አገኘሁት። የማቀዝቀዣ ራስና ጀርባ ሞተሩ የሚያወጣውን ሙቀት የሚቀበል፣ ቀኑን ሙሉም የሚንቀጠቀጥ ቦታ መሆኑን ያኔ አላሰብኩም ነበር።

በክርክር ከመፍረድ ብዬ በማግስቱ የግድግዳ ቴርሞሜትር ይዤ ተመለስኩ። ቀን በዘጠኝ ሰዓት ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ 29 ዲግሪ ሆነ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው የሚወርደው ሙቀት ከኮርኒሱ ሥር ይታፈናል። ሌሊቱን እዚያው አድሮ ሲነጋ 16 ዲግሪ አሳየ። በማግስቱ በመኝታ ክፍሉ አልጋ ሥር፣ የጭቃው ግድግዳ ጥግ ስናስቀምጠው ግን ቀን 19፣ ሲነጋ 18 ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ ይህን ያህል ልዩነት!

ወይን ጠጅን የሚጎዳው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ መለዋወጡም ጭምር ነው። ፈሳሹ ሲሞቅ ይሰፋና ቡሹን ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ጥቂት አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም የገባው አየር ቀለሙን ወደ ቡናማ እየለወጠ ጣዕሙን ያጠፋዋል። በአውሮፓ ወይን ጠጅ በሚጠመቅባቸው አገሮች በምድር ቤት የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ ክረምት ከበጋ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው መካከል ብዙ ሳይወዛወዝ ይቆያል። አዲስ አበባ ምድር ቤት ባይኖረን እንኳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር አየሩ ያግዘናል። ጥላ ያለበት፣ ከጣራ የራቀ፣ ከምድጃ ያልተጠጋ ጥግ ከተገኘ ለጥቂት ወራት ይበቃል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ለሚኖሩ አንባብያን ግን ይህን አልመክርም፤ እዚያ የተሻለው ወይ ማቀዝቀዣ ነው፣ ወይ ለሚጠጣበት ሳምንት ብቻ መግዛት ነው።

ሌላው ጠላት ብርሃን ነው። ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሚደረገው ለውበት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከሳሎን ቡፌ መስተዋት ውስጥ፣ በመስኮት ትይዩ ደርድሮ ማሳየት ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ወይን ጠጁን ግን ያረጀዋል። ካርቶኑን አለመጣል ነው።

ጠርሙሱ ይጋደም ወይስ ይቁም ለሚለው ክዳኑን ማየት ነው። የተፈጥሮ ቡሽ ያለው መጋደም አለበት፤ ፈሳሹ ቡሹን ሲያርሰው አይደርቅም፣ አይኮማተርም፣ አየርም አያስገባም። በሚጠመዘዝ ቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ የተከደነው ግን ቢቆምም ቢጋደምም ለውጥ የለውም። የጎረቤቴ ጠርሙሶች ባለ ቡሽ ነበሩ፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ደግሞ ሁሉም ቆመዋል።

የወንድ ልጁ ሐሳብስ? ማቀዝቀዣ ለሳምንታት ክፋት የለውም። አምስት ወር ሲሆን ግን በውስጡ ያለው ደረቅ አየር ቡሹን ያደርቃል፤ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥርም ያው መሞቅና መቀዝቀዝ አይቀርም። ደግሞስ 24 ጠርሙስ ሲገባ የልጆቹ ወተትና የጾሙ አትክልት የት ሊሄድ ነው? ይህን የተናገሩት እኔ ሳልሆን እናትየው ናቸው።

ጓዳውን በተመለከተ አሮጊቷ ከሁላችንም ይበልጥ ለእውነት የቀረቡ ነበሩ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ችግሩ ነጭ ጋዙም፣ በርበሬውም፣ ሽንኩርቱም እዚያው መሆኑ ነው። ለወራት የሚቀመጥ መጠጥ ከኃይለኛ ሽታ ቢርቅ ይመረጣል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ከምንም ነገር ጋር ባይደባለቅ ጥሩ ነው። በዚህ ምክንያት አልጋ ሥር ተመረጠ። የሲሚንቶው እርጥበት ካርቶኑን እንዳያበሰብሰው ሁለት ጣውላ ተነጠፈ፤ ካርቶኖቹ በጎናቸው ተጋደሙ፤ ትንንሾቹ ልጆች እንዳይጎረጉሩት በፊት ለፊት ሻንጣ ተደቀነበት።

ባልየው አልተረቱም። «ሁለቱን ተዉልኝ፤ እናያለን» ብለው ሁለት ጠርሙስ ከቁም ሣጥኑ ራስ አስቀሩ።

አሮጊቷ፣ «እንግዲያውስ ጠጄንም በጠርሙስ አሽጋችሁ አልጋ ሥር ክተቱልኛ!» ብለው አሳቁን። ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው። ፋብሪካ የወጣው ወይን ጠጅ መፍላቱን ጨርሶ፣ ተጣርቶ የታሸገ ነው። የቤት ጠጅ ግን ገና ሕይወት ያለው ነው፤ ማሩ አልቆ እስኪበላ ድረስ ጋዝ ያወጣል። ሳይበስል በጠርሙስ ተከትቶ ክዳኑ ቢጠብቅ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስብርባሪውም ዓይን ያጠፋል። በግራዋ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ እስኪበስል ጋዙ መውጫ ይኑረው። ከተጣራ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ትናንሽ ዕቃ እስከ አፉ እየሞሉ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማኖር ያስፈልጋል። ግማሽ የጎደለ ጋን ቶሎ የሚኮመጥጠው በላዩ ያለው አየር ስለሆነ ነው። የኬሚካል ወይም የዘይት ጀሪካን ግን ቢታጠብም አይታመንም።

ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚባለውን ብዙ ሰው ያምናል። እኔ እስከማውቀው ይህ ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። በሱቃችን የምናገኛቸው፣ ከቆዩት ከጉደርና ከአክሱሚት ጀምሮ በ2006 ዓ.ም. ለገበያ እስከ ቀረበው የዝዋይ ወይን ድረስ፣ አብዛኞቹ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጡ የተሠሩ ናቸው። ለልጄ ልደት ገዝቼ ለሠርጉ እከፍተዋለሁ የምትል እናት ካለች፣ ገንዘቧን ባንክ ብታስገባው ይሻላታል።

በግንቦት የሠርጉ ዋዜማ ከአልጋው ሥር ካርቶኖቹ ወጥተው ጠርሙሶቹ ቀጥ ብለው ቆመው አደሩ፤ ከሥር የሚዘቅጥ አተላ ቢኖር እንዲወርድ ነው። አተላው ጉዳት የለውም፤ ሲቀዳ ቀስ ማለት ብቻ ነው። ያን ዕለት ማታ ከአልጋ ሥር አንድ፣ ከቁም ሣጥን ራስ ሁለቱም ተከፈቱ። ከላይኞቹ አንዱ ቡሹ ወጣ ብሎ አንገቱ ላይ የደረቀ ጣፋጭ ነገር ተጣብቆበታል፤ ጣዕሙም ሞቷል። ሁለተኛው ይጠጣል፣ ግን ደብዝዟል። ባልየው ቀምሰው ዝም አሉ። ከአልጋ ሥር የወጣው ግን በታኅሣሥ እንደተገዛ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ሦስት ጠርሙስ በግማሽ ጎድሎ ተረፈ። እናትየው አንዱን በሌላው ሞልተው፣ ትርፉን በንጹሕ የለስላሳ ጠርሙስ እስከ አፉ አድርገው ከድነው ማቀዝቀዣ አስገቡት። የተከፈተ ወይን ጠጅ እንዲህ ሲያዝ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ ጣፋጩ ትንሽ ይጨምራል። ከዚያ ቢኮመጥጥም አልተደፋም፤ ለሰላጣ ሆነ። ያ የሞተውም ጠርሙስ መጨረሻው ይኸው ነበር።

ቴርሞሜትሬ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ባልየው ለቅቤው ነው ይላሉ።