ሁለት ኮምፒውተሮችን በአንድ ኬብል አገናኝቶ ፋይል መለዋወጥ

በብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አይጠፋም። የልጆች ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ የትምህርት ማስረጃ ቅጂ፣ የሱቅ ሂሳብ ሁሉ እዚያ ተጠራቅሟል። አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛም ፋይሉ እዚያው ይቀራል። «አንድ ቀን አዘዋውረዋለሁ» እየተባለ ወራት ይነጉዳሉ። ሃርድ ዲስክ ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ የተበላሸ ዕለት የዓመታት ትዝታና ሰነድ አብሮት ይሄዳል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ ፍላሽ ነው። ፍላሽ ለጥቂት ፋይል ይበቃል። ለብዙ ፋይል ግን ሞልቶ መመላለስ ይመጣል። ከዚህም በላይ ብዙ ፍላሾች ፎርማት የሚደረጉት ፋት 32 በሚባለው ስልት ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበሉም። ረጅም የሰርግ ቪዲዮ «አልገባም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በኢንተርኔት እንላከው ካልን ደግሞ ዳታው ውድ ነው። በኬብል ሲሆን ግን ኢንተርኔትም ዳታም አያስፈልግም።

ምን ያስፈልጋል?

አንድ የኔትዎርክ ኬብል ብቻ። ጫፉ ከስልክ መስመር መሰኪያ ጋር የሚመሳሰል፣ ግን ሰፋ ያለና ስምንት ሽቦ የያዘ ነው። ሲገዙ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ብለው ይጠይቁ። ርዝመቱ እስከ 100 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ከክፍል ክፍል መዘርጋትም ይቻላል።

ቀደም ሲል ለዚህ ሥራ «ክሮስኦቨር» የሚባል፣ በአንዱ ጫፍ የላኪና የተቀባይ ሽቦዎቹ ቦታ የተለዋወጡበት ልዩ ኬብል ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ተራው ኬብል ይበቃል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች በጣም አሮጌ ከሆኑ ግን ክሮስኦቨር ይግዙ።

ላፕቶፕዎ የኬብል መሰኪያ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ኔትዎርክ የሚቀይር አዳፕተር አለ። ሁለት ጫፉ አንድ ዓይነት በሆነ ተራ የዩኤስቢ ገመድ ግን ሁለት ኮምፒውተር አያገናኙ፤ መሰኪያውን ሊጎዳ ይችላል።

ፍጥነቱስ?

አሮጌ የኔትዎርክ ካርድ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ ይህ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ማለት ነው። 50 ጊጋባይት ለማዘዋወር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ጊጋቢት ካርድ ካላቸው ፍጥነቱ እስከ አሥር እጥፍ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የሚያዘገየው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ራሱ ነው።

አሠራሩ (በዊንዶውስ 10)

1. ኬብሉን በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ይሰኩ። በመሰኪያው ላይ ትንሽ መብራት ካለ ትበራለች።

2. በአሮጌው ኮምፒውተር «ኮንትሮል ፓናል»፣ ቀጥሎ «ኔትዎርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር»፣ ከዚያ «ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስ» ይክፈቱ። «ኢተርኔት» የሚለውን ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይምረጡ። «ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4» የሚለውን ሁለት ጊዜ ክሊክ ያድርጉና አድራሻውን 192.168.10.1፣ ከሥሩ ያለውን ማስክ 255.255.255.0 ብለው ይሙሉ። ሌላውን ባዶ ይተዉት።

3. በአዲሱም ላይ ይህንኑ ይድገሙ፤ አድራሻው ግን 192.168.10.2 ይሁን። የቤትዎ ዋይፋይ በ192.168.10 የሚጀምር ቁጥር የሚጠቀም ከሆነ በሁለቱም ላይ 10ን በ50 ይተኩ።

4. በአሮጌው ኮምፒውተር «አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ» ውስጥ «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» የሚለውን ያብሩ። ዊንዶውስ ይህን ግንኙነት «ፐብሊክ» ብሎ ሊመድበው ስለሚችል «ከረንት ፕሮፋይል» የሚል ጽሑፍ ባለበት ክፍል ውስጥ መሆንዎን ያረጋግጡ።

5. የሚያዘዋውሩትን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሼሪንግ»፣ «ሼር» ይበሉ። «ሪድ» ብቻ ይፍቀዱ፤ ለመቅዳት ይበቃል።

6. በአዲሱ ኮምፒውተር ማንኛውንም ፎልደር ይክፈቱና ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር \\192.168.10.1 ብለው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። የአሮጌውን ኮምፒውተር የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሲጠይቅዎ ያስገቡ። ፎልደሩ ይመጣል፤ ኮፒ አድርገው ይውሰዱ።

እምቢ ካለ

ብዙ ሰው የሚቸገረው የይለፍ ቃሉ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ከሌለው ዊንዶውስ በኔትዎርክ በኩል አያስገባም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ የይለፍ ቃል ያውጡለት። ኮምፒውተሩን በየቀኑ የሚከፍቱበት አጭር ፒን ቁጥርም እዚህ አይሠራም፤ የሚሠራው ዋናው የይለፍ ቃል ነው። ሁለተኛው ምክንያት ፋየርዎል ሲሆን፣ በተለይ ከውጭ የተጫነ አንቲቫይረስ ካለ ግንኙነቱን ሊዘጋ ይችላል። ለሥራው ያህል ኢንተርኔቱን አቋርጠው ፋየርዎሉን ማጥፋት፣ ሲጨርሱ ወዲያው መመለስ ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» ያድርጉ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳ ዋናው ፋይል በቦታው ይኖራል። ሃርድ ዲስኩ እንግዳ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኘውን፣ ማለትም ፎቶና ሰነዱን፣ ያስቀድሙ፤ ፊልምና ፕሮግራም ይቆይ። ከአሮጌው ላይ ከመሰረዝዎ በፊትም የፎልደሩን መጠንና የፋይሎቹን ብዛት በሁለቱም በኩል ያነጻጽሩ፤ ጥቂት ፋይሎችንም ከፍተው ይዩ።

ሁለተኛ፣ ቫይረስ በኬብልም ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያስጨነቀው «ዋናክራይ» የተዛመተው በዚሁ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ክፍተት በኩል ነበር። ከመጀመርዎ በፊት አሮጌውን ኮምፒውተር በአንቲቫይረስ ያስፈትሹ።

ሦስተኛ፣ ሲጨርሱ የከፈቱትን ይዝጉ። ሼሪንጉ ክፍት ከቀረ ላፕቶፑን ይዘው ካፌ ዋይፋይ ላይ ሲገቡ ሌላ ሰው ኮምፒውተርዎን ለመክፈት ሊሞክር ይችላል። የቤተሰብ ፎቶና የሰው ሰነድ ደግሞ አማና ነው። የአይፒ አድራሻውንም ወደ «አውቶማቲክ» ይመልሱ፤ አለበለዚያ በሌላ ቀን ኬብሉን ከራውተር ጋር ሲያገናኙ ኢንተርኔት አይሠራም።

ፋይሉ ወደ አዲሱ ከገባ በኋላም አሮጌውን ኮምፒውተር ለመሸጥ ወይም ለመስጠት አይቸኩሉ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ፋይል ነገም ሊጠፋ የሚችል ፋይል ነው፤ ሁለተኛ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ።