ኃይሉ የተወሰነ ኮምፒውተርና አዲሱ ግራፊክስ ካርድ

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ገርጂ መብራት ኃይል በሚባለው አካባቢም ሆነ በሌሎች ሠፈሮች፣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ የሕንፃ ንድፍ የሚለማመድ ተማሪ ማግኘት አያዳግትም። ንድፉ እየከበደ ሲሄድ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ተማሪውም ግራፊክስ ካርድ ለመቀየር ያስባል። ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ፓወር ሰፕላዩ ካርዱን ይችለዋልን?

እንደሚታወቀው ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ፍሰት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ፍሰት ይለውጣል። የቢሮ ኮምፒውተሮች ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የታሰቡ በመሆናቸው አቅማቸው ውስን ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ አነስተኛ ሣጥን ያለው ዓይነት፣ ፓወር ሰፕላዩ 240 ዋት ብቻ ነው።

ይህ ጠቅላላ አኃዝ ግን ብቻውን አይበቃም። ፕሮሰሰሩና ካርዱ በዋናነት የሚጠቀሙት ባለ 12 ቮልቱን መስመር ነው። ኃይል የቮልትና የአምፔር ብዜት ስለሆነ፣ በፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ «12 ቮልት፣ 14 አምፔር» የሚል ቢጻፍ መስመሩ የሚሰጠው 168 ዋት ይሆናል። ከዚህ ላይ ለፕሮሰሰሩ 77፣ ለካርዱ 75 ዋት ብንቀንስ ለሃርድ ዲስክና ለማራገቢያዎች የሚተርፈው 16 ዋት ብቻ ነው። 30 ዋት የሚወስደውን ጂቲ 1030 ብንመርጥ ግን 61 ዋት ይተርፋል።

ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል፤ በአንዳንድ ትናንሽ ማሽኖች አምራቹ ከዚያም ዝቅ ያደርገዋል። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ተጨማሪ ኬብል ያሻዋል፦ ባለ 6 ፒኑ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ያቀርባል።

አደጋው የሚመጣው ይህ ኬብል በሌለበት ማሽን ላይ የሃርድ ዲስኩን የሳታ ኬብል በአዳፕተር ወደ ባለ 6 ፒን ስንለውጥ ነው። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ካርዱ 75 ዋት ቢስብ ፍሰቱ 6.25 አምፔር ይደርሳል። ሙቀት በፍሰቱ ካሬ ልክ ስለሚጨምር፣ በመሰኪያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፕላስቲኩ ሊቀልጥ፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል።

ስታቢላይዘር መግጠምም ይህን ችግር አይፈታም፤ የሚያስተካክለው ከውጭ የሚገባውን ቮልቴጅ እንጂ የፓወር ሰፕላዩን አቅም አይደለም። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን እንለውጥ ብንል ደግሞ፣ የብዙዎቹ ትናንሽ ማሽኖች ቅርጽና መሰኪያ የተለየ በመሆኑ በገበያ ያለው የተለመደው ዓይነት አይገጥምላቸውም።

ስለዚህ ወደ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ሣጥኑን ከፍተን በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን እናንብብ፤ የ12 ቮልቱን መስመር እናስላ፤ የሣጥኑንም ስፋት እንለካ። የአምስት ደቂቃ ሒሳብ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ብቸኛ ኮምፒውተር ከቃጠሎ ያድናል።