የሚመጠን ጭስ

ላስታ ላይ ብርዱ ሲበረታ በር ተዘግቶ እንጀራ ይጋገራል። ጋጋሪዋ የምትስበው የኩበቱን ጭስ ብቻ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ አለበት፣ ከወለሉ የሚነሣ አቧራ አለበት፣ ቡና ሲፈላ ዕጣንም ይጨመርበታል። ሳንባዋን የሚጎዳት የትኛው ነው? ወይስ ጉዳቱ የሚብሰው ሲደባለቁ ነው? እሳቱ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ እዚያው ምድጃው ዳር ሆኖ ይህን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ድብልቁን በቤተ ሙከራ እንደ አዲስ ይሠሩታል። በአየር ላይ የሚንሳፈፉት የጭስ፣ የአቧራና የጠብታ ቅንጣቶች ከአየሩ ጋር ኤሮሶል ይባላሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ማመንጫ አለው። ለጭሱ፣ ኩበቱ ተፈጭቶ በረጅም ቱቦ ውስጥ እኩል ይነሰነሳል። ቱቦውን ያቀፈው ማሞቂያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ስለሚጓዝ በየደቂቃው የሚነድደው መጠን አይለያይም። አቧራው ተጠቅጥቆ በስለት በስሱ ይፋቅና በታመቀ አየር ይበተናል። ፈሳሽ የሆነውን ደግሞ ኔቡላይዘር የተባለ መሣሪያ ወደ ጉም ይለውጠዋል። ሁሉም ንጹሕ አየር እየተጨመረባቸው በአንድ ክፍል ይቀላቀላሉ፤ ድብልቁንም የሙከራ አይጦች ይስቡታል።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ቅንጣቶቹ ሲበዙ እየተጋጩ ይጣበቃሉ፤ የተለቁት አፍንጫ ላይ ስለሚቀሩ ወደ ሳንባ አይዘልቁም። በ2009 እ.ኤ.አ. የታደሰው 403ኛው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የሙከራ መመሪያ የቅንጣቶቹ አማካይ መጠን ከ1 እስከ 4 ማይክሮሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። በሙከራው ጊዜ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በ4 ሰዓት ውስጥ፣ የኤሮሶሉ ክምችት ከአማካዩ ከ20 በመቶ በላይ እንዲዋዥቅም አይፈቅድም።

ማጣሪያ ላይ የቀረው ሲመዘን የሚታወቀው ጠቅላላ ክብደቱ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ አቧራው ስንት እንደሆነ የሚጠቁመው የአፈሩ ሲሊከን ነው፤ ጭሱን የሚመሰክረው ደግሞ ሴሉሎስ ሲቃጠል የሚወጣው ሌቮግሉኮሳን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ለብቻው መለካት አለበት፤ አለዚያ ጋዙ የገደላትን አይጥ ሞት በአቧራው እናሳብባለን። አይጦቹ በአፍንጫቸው ብቻ እንዲስቡ ይደረጋል፤ ጠጉራቸው ላይ ያረፈውን ልሰው እንዳይውጡት ነው። አንዱ ቡድን ጭስ፣ ሌላው አቧራ፣ ሦስተኛው ድብልቁን፣ አራተኛው ንጹሕ አየር ይስባል። የድብልቁ ጉዳት ከሁለቱ ድምር ከበለጠ፣ ለየብቻ የወጡ የደኅንነት ገደቦች ለጋጋሪዋ አይበቁም ማለት ነው።

እኔ አጥብቄ የምለው የድብልቁ ምጣኔ ከራሱ ከላስታ ቤት ተለክቶ ይወሰድ ነው። በደንብ የደረቀ እንጨት ያጨሰው ጭስ፣ እርጥበት ስላልለቀቀው ኩበት ሊመሰክር አይችልም።