አሮጌው የማኅበር ሱቅ ለበርበሬ ሥራ

በፍኖተ ሰላም ዙሪያም ሆነ በቡሬ ገጠር ለምትኖሩ የድሮው የማኅበር ሱቅ እንግዳ አይደለም። የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ተቋቋሙ። ከዚያም አገልግሎት ሰጪ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጡ። ሱቁን የከፈቱት እነሱ ናቸው።

በዚያ ሱቅ ምን ይሸጥ ነበር? ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ። ከቀበሌው ምን ይወጣ ነበር? እህል። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ፣ በተወሰነ ዋጋ ይገዛ ነበር። ገበሬው በዋጋው ላይ አፍ አልነበረውም። በ1982 ዓ.ም. ፖሊሲው ተለወጠ፣ ኮታውም ቀረ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ የማኅበር ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። አንዳንዱ ቆርቆሮው ሳይቀር ተነቀለ። ግድግዳውና ጣራው የተረፈለትም አለ።

ኮታው ቀረ እንጂ ጥሬውን የመሸጥ ልማድ አልቀረም። አገራችን የበርበሬ አገር ነው። ቡሬ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ነቀምት ይወስዳል። ዛላው በጆንያ ይጫናል። ተቀንጥሶ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ ሲሸጥ ትርፉ የሌላ ነው። ቡሬ ላይ ትልቅ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ ደግ ነው። ፋብሪካ ግን ብዙ ምርት በአንዴ ይፈልጋል። ለአንድ ቀበሌ ሴቶችና ወጣቶች ባለ ሁለት ክፍል አሮጌ ሱቅ መነሻ ይሆናል።

ኧረ ቀስ በሉ ግን! ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። በዚህ ቤት ምን ተቀምጦ ነበር? ማዳበሪያ ነበር? የተባይ መርዝስ? ዲዲቲስ? በአገራችን ጊዜው ያለፈበት መርዝ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር። በ1990ዎቹ ከ1,000 ቶን በላይ ተሰብስቦ ፊንላንድ ድረስ ተልኮ ተቃጠለ። ባሕር አሻግሮ ያስኬደ ነገር ቀልድ አይደለም። መርዝ የፈሰሰበት የአፈር ወለል በመጥረጊያ አይጸዳም። ሊሾ ብታለብሱትም የጭቃው ግድግዳ ይዞት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለው ቤት ለምግብ አይሁን። ጨውና ሳሙና ብቻ የነበረበት ከሆነ ግን እሰየው።

ወለሉ ሊሾ ይሁን። መስኮቱ ወንፊት ሽቦ ይደረግበት። ጥሬው በጓሮ በር ይግባ፣ ያለቀው በፊት ለፊት በባንኮኒው ይውጣ። የበርበሬ ወፍጮና የጤፍ ወፍጮ አንድ አይሁን። እንጀራው ያቃጠለው ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም።

በርበሬውን መሬት ላይ ማስጣት ይቅር፤ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይሰጣ። ሲነቀንቁት ፍሬው ካልተንኮሻኮሸ ገና አልደረቀም። እርጥቡ ይሻግታል። ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊወጣ ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። በዓይን አይታይም። ወጥ ሲቁላላ ይጠፋል ብላችሁ አትመኑ፤ አይጠፋም። እንግዲህ ሚዛን እንዲያነሳለት ዛላው ላይ ውሃ የሚረጭ ሰው ምን እየሸጠ እንደሆነ ራሱ ይፍረድ። የእናንተ ቤት ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ገዢ አንድ ጊዜ ካመናችሁ ከሩቅ ይመጣል።

ቤቱ የማን ነው? ይህ ጥያቄ ካልተፈታ ሥራው ሲያተርፍ ጠብ ይነሳል። ከቀበሌው፣ ከኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱም የይዞታ ማስረጃውን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሊቀ መንበሩ ብቻውን የሚቆርጠው ጉዳይ አይደለም። ቃለ ጉባኤውን ጸሐፊው ጮክ ብሎ ቢያነብላችሁም ጣታችሁን ቀለም ከመንከራችሁ በፊት ተቀብላችሁ ራሳችሁ አንብቡት። ደግሞስ ፊደል ከቆጠራችሁ ወዲህ የጣት አሻራ ለምን? ስማችሁን ጻፉበት።

ሴቶቹ የቀነጠሱበት ቀን ይመዝገብ። ስንት ኪሎ ዛላ ገባ? ቅንጥሱና ፍሬው ስንት ኪሎ ሆነ? ዱቄቱስ? ለወፍጮ፣ ለጆንያ፣ ለጋሪ የወጣው በየመስመሩ ይጻፍ። ደብተሩ እዚያው ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ፤ በገበያ ቀን የመጣ አባል ገልጦ ይየው።