ልኬቶችን በቀመር ማሰር፦ ንድፍ ምክንያቱን ሲይዝ

በወረቀት ላይ የሠፈረ መካኒካል ንድፍ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። በአንድ የላሜራ ቁራጭ ንድፍ ላይ «96 ሚ.ሜ.» የሚል ልኬት ብናነብ፣ ነዳፊው ይህን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ከቁጥሩ ብቻ ልናውቅ አንችልም። ከቡሎኑ መጠን ተነሥቶ አስልቶት ይሆን? ከሌላ ዕቃ ላይ ለክቶት ይሆን? ወይስ ለዓይን ስላማረው? ንድፉ ሳይለወጥ እስከ ቆየ ድረስ ጥያቄው አያስጨንቅም። ችግሩ የሚመጣው አንድ ነገር መለወጥ ባስፈለገ ዕለት ነው። የታሰበው ቡሎን ከገበያ ጠፍቶ ሌላ መጠን ሲተካ፣ የትኞቹ ቁጥሮች አብረው መለወጥ እንዳለባቸው በእርግጠኝነት የሚያውቀው የመጀመሪያው ነዳፊ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በአጠገባችን አይገኝም።

«ፓራሜትሪክ» የሚባሉት የኮምፒዩተር ንድፍ ፕሮግራሞች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ በአጭሩ ሲገለጽ ይህ ነው፦ ልኬት ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስምም ይኑረው፤ ስም ያላቸው ልኬቶችም በቀመር ይያያዙ። በዚህ ጽሑፍ ይህ አሠራር በውስጡ ምን እንደሚመስልና ከፊዚክስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማሳየት እንሞክራለን።

ከመስመር ወደ እኩልታ

የሐሳቡ መነሻ ሩቅ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ጥናቱ ባቀረበው «ስኬችፓድ» በተባለ ፕሮግራም፣ ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር መስመሮችን እየሳለ «እነዚህ ሁለቱ ትይዩ ይሁኑ» ወይም «እኩል ይሁኑ» ብሎ ማዘዝ ይችል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ «ፕሮ/ኢንጂነር» ሐሳቡን ወደ ፋብሪካዎች አገባው። በብዙ ተማሪዎቻችን ዘንድ የታወቀው አውቶካድም የ2010 ቅጂው ላይ ይህንኑ ችሎታ ጨመረ። ዛሬ ያለ ክፍያ የሚገኘውና የ1.0 ቅጂው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የወጣው ፍሪካድ ከዚህ በታች የምናነሣውን ሁሉ ይሠራል።

ኮምፒዩተሩ ንድፍን የሚያየው እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ እኩልታዎች ስብስብ ነው። አንድ ሬክታንግል እንውሰድ። አራት መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጫፎች፣ እያንዳንዱ ጫፍ ደግሞ ሁለት ኮኦርዲኔቶች ስላሉት በጠቅላላው 16 ያልታወቁ ቁጥሮች አሉን። በአራቱም ማዕዘኖች ጫፎቹ ይገጣጠሙ ስንል 8 እኩልታዎች እናገኛለን። ሁለቱ መስመሮች አግድም፣ ሁለቱ ደግሞ ቀጥ ያሉ ይሁኑ ስንል 4 ይጨመራሉ። የቀሩት 4 ናቸው፤ ሁለቱ ሬክታንግሉ የት እንዳለ፣ ሁለቱ ደግሞ ወርዱንና ቁመቱን የሚወስኑ። የፊዚክስ ተማሪ እነዚህን የነጻነት ዲግሪዎች ብሎ ያውቃቸዋል። አንዱን ማዕዘን በመነሻ ነጥብ ላይ ብናስቀምጥና ወርዱንና ቁመቱን ብንሰጥ 16 ለ16 ይሆናል፤ ንድፉም ሙሉ በሙሉ ይወሰናል።

ከዚህ በኋላ የሰያፉን ርዝመት እንደ ተጨማሪ ትእዛዝ ብንሰጥ ፕሮግራሙ ይቃወማል፤ ሰያፉ ከወርዱና ከቁመቱ የሚከተል እንጂ ራሱን የቻለ አይደለምና። እንዲለካልን ግን መጠየቅ እንችላለን። ስለዚህ ልኬት ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው፦ የሚያዝና የሚታዘዝ።

አራት ቀዳዳዎችና አንድ ቡሎን

አሁን ወርዱ 120 ሚ.ሜ.፣ ቁመቱ 80 ሚ.ሜ. የሆነ ላሜራ ላይ በአራቱ ማዕዘኖች አጠገብ 8 ሚ.ሜ. ዲያሜትር ያላቸው ቀዳዳዎች እንበሳለን እንበል። ብረቱ ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ እንዳይቀደድ፣ የቀዳዳው መሐል ከጠርዙ የዲያሜትሩን 1.5 እጥፍ እንዲርቅ ወስነናል። ያ ርቀት 12 ሚ.ሜ. ነው። በወርዱ በኩል በሁለቱ ቀዳዳዎች መሐል ያለው ርቀት 96፣ በቁመቱ በኩል ያለው 56 ሚ.ሜ. ይሆናል። በመግቢያችን ላይ ያነበብነው 96 ምንጩ ይህ ነበር።

በቀመር ሲጻፍ፦

አግድም ርቀት = ወርድ − 3 × ዲያሜትር
ቀጥታ ርቀት = ቁመት − 3 × ዲያሜትር

ቀዳዳው 10 ሚ.ሜ. እንዲሆን ቢፈለግ የምንለውጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ርቀቶቹ ራሳቸው 90 እና 50 ሚ.ሜ. ይሆናሉ። ከዚህ የጊዜ ቁጠባ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ቀመሩን ያነበበ እንግዳ ሰው ርቀቱ የተወሰነው ስለ ቡሎኑ መሆኑን ያውቃል። ምክንያቱ በንድፉ ውስጥ ተቀምጧል።

ይሁንና እያንዳንዱ ቀመር የሚሠራበት ክልል አለው። ዲያሜትሩ 20 ሚ.ሜ. ሲደርስ በቁመቱ በኩል ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ጠርዝ ለጠርዝ ይነካካሉ፤ ከዚያ ካለፈ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። 27 ሚ.ሜ. ብናስገባ ደግሞ ቀጥታው ርቀት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቀመሩ ሒሳቡን ይሠራል እንጂ ብረቱ ይበቃ እንደሆነ አያስብም። ገደቡን ማሰብና በጽሑፍ ማስቀመጥ የነዳፊው ግዴታ ነው።

የእኩልነት ምልክት አቅጣጫ አለውን?

በፊዚክስ ኃይል ከክብደተ አካልና ከፍጥነት ለውጥ መጠን ብዜት ጋር እኩል ነው ስንል፣ ሁለቱን አውቀን ሦስተኛውን ከየትኛውም ወገን ማግኘት እንችላለን። በልኬት ላይ የሚጻፍ ቀመር ግን እንዲህ አይደለም። በቀኝ ያለው ይሰጣል፣ በግራ ያለው ይቀበላል። ቁመቱን ከወርዱ አስልተን፣ ወርዱን ደግሞ መልሰን ከቁመቱ ብናሰላ ፕሮግራሙ ማንን ማስቀደም እንዳለበት ስለማያውቅ ትእዛዙን አይቀበልም። በመሆኑም ቀመር ከመጻፋችን በፊት «ከሁለቱ የሚያዘው የትኛው ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። በምሳሌያችን የሚያዘው ቡሎኑ ነው፤ ቡሎን በገበያ በተወሰኑ መጠኖች ብቻ ይገኛልና።

ሌላው ጥንቃቄ የመለኪያ አሐድን ይመለከታል። ፍሪካድ ርዝመትን ከስፋት ጋር እንድንደምር አይፈቅድልንም። ይህ ጥብቅነት ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የናሳ የማርስ አየር ጠባይ መንኮራኩር የጠፋው፣ አንደኛው የምድር ፕሮግራም በፓውንድ ኃይል ያሰላውን ውጤት ሌላኛው በኒውተን እንደ ተሰላ አድርጎ ስለ ተቀበለው ነበር። አሐዱን ያልያዘ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ትክክለኛው ቀመር የትኛው ነው?

እስካሁን ያየነው ጂኦሜትሪን ነው። የፊዚክስ ድርሻ የሚጎላው ልኬቱ ጭነት ሲሸከም ነው። አንድ ጫፉ ግድግዳ ላይ የታሰረ፣ በሌላው ጫፉ 20 ኒውተን የሚሸከም የአሉሚኒየም ክንድ እናስብ። ርዝመቱ 200፣ ወርዱ 10፣ ከላይ ወደ ታች ያለው ውፍረቱ 20 ሚ.ሜ. ነው። የአሉሚኒየም ያንግ ሞዱለስ 70 ጊጋፓስካል ገደማ ስለሆነ ጫፉ 0.11 ሚ.ሜ. ያህል ይጎብጣል። ርዝመቱን ወደ 400 ብናሳድግና ውፍረቱን ባንነካ ጉብጠቱ 8 እጥፍ አድጎ ወደ 0.91 ሚ.ሜ. ይደርሳል፤ ጉብጠት ከርዝመት ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋልና። ታዲያ ውፍረቱን ከርዝመቱ ጋር በምን ቀመር እንሰር?

መልሱ በምንፈራው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። የምንፈራው ጉብጠት ከሆነ፣ ውፍረትም በሦስተኛ ርቢው ስለሚከላከል «ውፍረት = ርዝመት ÷ 10» ይበቃል፤ ለ400 ሚ.ሜ. ክንድ 40 ሚ.ሜ. ማለት ነው። የምንፈራው መሰበር ከሆነ ግን ውጥረቱ ከርዝመቱ ጋር በቀጥታ፣ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ውፍረቱ ከርዝመቱ ስኩዌር ሩት ጋር ቢያድግ በቂ ነው፤ 28.3 ሚ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ክንዱ ሌላ ጭነት ሳይኖረው በራሱ ክብደት ብቻ የሚጎብጥ ቢሆን ደግሞ ጉብጠቱን ባለበት ለማቆየት ውፍረቱ ከርዝመቱ ካሬ ጋር ማደግ አለበት፤ ይኸውም 80 ሚ.ሜ. ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አካል ሲገዝፍ ቅርጹን እንደያዘ ጥንካሬውን ሊጠብቅ እንደማይችል ያስረዳው ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ነገር ነው።

አንድ ንድፍ፣ አንድ የርዝመት ለውጥ፣ ግን ሦስት የተለያዩ ውፍረቶች። ኮምፒዩተሩ ሦስቱንም ያለ ቅሬታ ይስላል።

የስኩዌር ሩቱን ቀመር ስንጽፍም አሐዱ ያስተምረናል። የርዝመት ስኩዌር ሩት ርዝመት ስላልሆነ እንዲሁ ብናስገባው ፕሮግራሙ አይቀበልም። ትክክለኛው አጻጻፍ «ውፍረት = 20 ሚ.ሜ. × ስኩዌር ሩት (ርዝመት ÷ 200 ሚ.ሜ.)» ነው። በዚህ አጻጻፍ የተነሣንበት ክንድ ራሱ በቀመሩ ውስጥ ይታያል፤ አንባቢም ከምን ጋር እንዳነጻጸርን ይረዳል።

ለጀማሪዎች

ንድፍ ለመጀመር ለተዘጋጁ ተማሪዎች የምንመክረው ጥቂት ነው። የሚያዙትን ልኬቶች በቁጥር ጥቂት አድርጓቸው፤ በአንድ ሠንጠረዥ ሰብስባችሁም ትርጉም ያለው ስም ስጧቸው። ቀመሩ ከየት እስከ የት እንደሚሠራ ጻፉ። ከሁሉም በላይ ቀመሩን ከመጻፋችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን ሕግ በወረቀት ላይ አውጡ። በተሳሳተ ቁጥር የተሠራ ንድፍ አንድ ብረት ያበላሻል፤ በተሳሳተ ቀመር የተሠራ ግን ልኬቱ በተለወጠ ቁጥር ስሕተቱን በንጹሕ መስመር እየሳለ፣ ለሚቀጥለው ሠራተኛ እንደ እውነት ያስረክበዋል።