ካይሮፕራክተር አንገትዎን ከመንካቱ በፊት

በመኪና አደጋ ጭንቅላታቸውን የተመቱ አንዳንድ ሰዎች፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፤ ከአልጋ ሲነሱ ቤቱ ይዞርባቸዋል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው፣ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ «ካይሮፕራክተር ጋ ሂድ» መባሉ የተለመደ ነው። ምክሩ አንዳንዴ ይጠቅማል፣ አንዳንዴም ለአደጋ ይዳርጋል። ወሳኙ ማዞሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው።

ካይሮፕራክቲክ አከርካሪን በእጅ የማከም ሙያ ነው። ወጌሻ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ካይሮፕራክተር ግን የዓመታት ትምህርት ጨርሶ የሥራ ፈቃድ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። ሙያው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1895 በአዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ነው። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው የሃርቪ ሊላርድን፣ የአንድ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛን፣ የጀርባ አጥንት ተጭኖ ጠፍቶ የነበረ መስማቱን እንደመለሰለት ተናገረ። የመስማት ነርቭ ግን በጀርባ አያልፍም፤ ከውስጥ ጆሮ ተነስቶ በቀጥታ ወደ አንጎል ግንድ ይገባል። ፓልመር የበሽታ ሁሉ መነሻ ማለት ይቻላል የአከርካሪ መዛነፍ ነው ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ ሙያው በዋናነት የሚታወቀው በጀርባና በአንገት ሕመም ሕክምና ነው።

ሳንወድቅ የምንቆመው አንጎል ከዓይን፣ ከውስጥ ጆሮ፣ ከአንገትና ከእግር ጡንቻዎች የሚደርሰውን መረጃ ስለሚያስማማ ነው። ምት ከእነዚህ አንዱን፣ ወይም ራሱን አንጎልን ሊያውክ ይችላል። በውስጥ ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ተነቅለው ሚዛን ከሚለኩት ቱቦዎች አንዱ ውስጥ ከገቡ፣ ሰውየው አልጋ ላይ በተገላበጠ ቁጥር ኃይለኛ ማዞር ይመጣበታል፤ ብዙውን ጊዜ ደቂቃ ሳይሞላ ይተወዋል። ለዚህ አከርካሪን ማስተካከል አይፈይድም። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ ያወጡት ዘዴ ጭንቅላትን በተወሰነ ቅደም ተከተል እያዞሩ ቅንጣቶቹን ከቱቦው ማስወጣት ነው። ብዙ ሰው በጥቂት ጊዜ ይድንበታል። ፊዚዮቴራፒስቶችና በዚህ የሠለጠኑ ካይሮፕራክተሮች ይሠሩታል።

የካይሮፕራክተር እጅ በእርግጥ ሊረዳ የሚችለው ችግሩ የአንገት ሲሆን ነው። ከራስ ቅል ሥር ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ጭንቅላት ወዴት እንደዞረ ለአንጎል ይነግራሉ፤ ተጎድተው ሲገታተሩ የሚልኩት መረጃ ዓይንና ጆሮ ከሚልኩት ጋር ይጋጫል። ይህን በደም ምርመራም ሆነ በራጅ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ሐኪም ሌሎቹን መንስኤዎች አንድ በአንድ አስወግዶ ነው የሚደርስበት። ለስላሳ የእጅ ሕክምናና የሚዛን ልምምድ እዚህ ላይ ቦታ አላቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት የደም ሥሮች በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉ። አደጋው የአንዱን ውስጠኛ ግድግዳ ሰንጥቆት ከሆነ፣ ምልክቱ የአንገት ሕመምና ማዞር ሊሆን ይችላል፤ ሰውን ወደ ካይሮፕራክተር የሚወስደው ያው ሕመም ማለት ነው። በዚያ ላይ አንገትን በድንገት በኃይል ማዞር ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይመርምርዎ፤ ካይሮፕራክተሩም የዓይን እንቅስቃሴዎንና አረማመድዎን ሳያይ፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት መውሰድዎን ሳይጠይቅ አንገትዎን ሊያዞር ከተነሳ እንዲያቆም ይንገሩት።

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ 911 ይደወላል።